ወረቀቶቹን ማን አስገባቸው?

በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ሂስ «ሴራ» የምንለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንድ ፊቱ ደራሲው ድርጊትን ከድርጊት በምክንያትና በውጤት እያያዘ ታሪኩን የሚያዋቅርበት ጥበብ ነው። በሌላው ፊቱ ሰዎች በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚዶልቱት ክፉ ምክር ነው። በአብዛኛው ልብ ወለድ ውስጥ ሁለቱ ፍቺዎች ከስም ያለፈ ዝምድና የላቸውም። የዘረፋ ፊልም ዘንድ ስንደርስ ግን አንድ ይሆናሉ፤ የዘራፊዎቹ ሴራ ራሱ የፊልሙ ሴራ ነው። ዘራፊዎቹ ያልደፈኑት ቀዳዳ ቢኖር በፖሊስ እጅ ይወድቃሉ። ደራሲው ያልደፈነው ቀዳዳ ቢኖር ግን ዘራፊዎቹ በሰላም ያመልጣሉ፤ የሚያዘው ደራሲው ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ስቲቨን ሶደርበርግ እ.ኤ.አ. በ2001 ያዘጋጀውን «ኦሽንስ ኢለቨን» መርጫለሁ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመረጥሁት መጥፎ ፊልም ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በጣም እወደዋለሁ፤ ደጋግሜም አይቼዋለሁ። የማልወደውን ፊልም ቀዳዳ ልቁጠር ብል ትዕግሥቱም የለኝ። አሮጌ ጆንያ ቢቀደድ ማን ልብ ይለዋል? በነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የበሳት ቀዳዳ ግን ከሩቅ ትታያለች።

ታሪኩን ላላየው ወይም ለረሳው አንባቢ በአጭሩ ላስታውስ፤ ፍጻሜውን መግለጤ አይቀርምና ፊልሙን ሳያይ ምሥጢሩን መስማት የማይሻ ሰው እዚህ ላይ ቢሰናበተኝ አልቀየምም። በጆርጅ ክሉኒ የተሠራው ዳኒ ኦሽን ገና ከእስር ቤት እንደ ወጣ በላስ ቬጋስ የሚገኙትን ሦስት ቁማር ቤቶች፣ ቤላጂዮን፣ ሚራዥንና ኤም ጂ ኤም ግራንድን በአንድ ሌሊት ለመዝረፍ ይነሣል። (ከሦስቱ ሚራዥ በ2024 በሩን ዘግቷል።) በፊልሙ ውስጥ የሦስቱም ገንዘብ የሚከማቸው ከቤላጂዮ ሥር፣ ከመሬት በታች በተቀበረ አንድ ካዝና ነው። የሦስቱም ባለቤት ቴሪ ቤኔዲክት ሁሉን በዓይኑ የሚቈጣጠር፣ አንዲት ነገር የማታመልጠው ሰው ነው። የዳኒ የቀድሞ ሚስት ቴስም አሁን ያለችው ከእርሱ ጋር ነው። ዳኒ እርሱን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ያሰባስባል። ትልቅ የቦክስ ግጥሚያ በሚደረግበት ሌሊት ካዝናው ውስጥ 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይኖራል።

ሌሊቱ እንዲህ ይሄዳል። ከዘራፊዎቹ አንዱ፣ የን የተባለው ቻይናዊ የሰርከስ ሰው፣ ሰውነቱን አጣጥፎ በገንዘብ ማመላለሻ ጋሪ ውስጥ ተደብቆ ወደ ካዝናው ይገባል። ሽማግሌው ሶል የአውሮፓ ባለጸጋ መስሎ «ዕንቁዎቼን አስቀምጡልኝ» ብሎ ፈንጂ ያለበትን ሻንጣ ያስገባል። የከተማው መብራት ለጥቂት ሰከንድ ሲጠፋ ዳኒና ወጣቱ ላይነስ በሊፍቱ ጉድጓድ በገመድ ይወርዳሉ፤ የካዝናው በርም ይፈነዳል። ከዚያ ብራድ ፒት የተጫወተው ራስቲ ለቤኔዲክት ስልክ ይደውልና «ካሜራህን ተመልከት» ይለዋል። ቤኔዲክት በጥበቃው ቴሌቪዥን ላይ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ገንዘቡን በሻንጣ ሲያጭቁ ያያል። ትእዛዙ ይህ ነው፦ ግማሹን ገንዘብ የራስህ ዘበኞች ወደ ቆመው ቫን ይጫኑልን፤ እምቢ ካልህ ሁሉንም እናነደዋለን። ዘበኞቹ ሻንጣዎቹን ይጭናሉ። ቤኔዲክት በስውር ፖሊስ ይጠራል፤ ነገር ግን የስልኩን መስመር ዘራፊዎቹ ጠልፈውታልና ፖሊስ መስለው የሚመጡት ራሳቸው ናቸው። ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተኩስ ይሰማል፤ ፍንዳታ ይሰማል፤ የቀረው ገንዘብ ጋየ ይባላል። ፖሊሶቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ይወጣሉ። ቫኑን ተከታትለው የያዙት ሰዎች ደግሞ ሹፌር እንኳ የሌለው፣ በሪሞት የሚነዳ መኪና ሆኖ ያገኙታል። ሻንጣዎቹን ሲከፍቱ ገንዘብ የለም፤ በላስ ቬጋስ ጎዳናዎች ላይ ለአላፊ አግዳሚው የሚታደሉት የሴተኛ አዳሪዎች ማስታወቂያ ወረቀቶች ናቸው። ገንዘቡ በሙሉ የወጣው በፖሊሶቹ ትከሻ ነው።

ተመልካቹ እዚህ ላይ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ። ከጭብጨባው በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ እነዚያ በራሪ ወረቀቶች ካዝናው ዘንድ እንዴት ደረሱ?

ነገሩን እንደ መርማሪ በር በበሩ እንቁጠረው። የን የገባበት ጋሪ ውስጥ የነበረው የን ነው፤ ሰው ለማጠፍ እንኳ ጠብቦ ነው የታየን። ዳኒና ላይነስ በገመድ ተንጠልጥለው ሲወርዱ ሻንጣ ሙሉ ወረቀት አልያዙም። የሶል ሻንጣ የያዘው ፈንጂ ነው። ፖሊስ መሳዮቹ የደረሱት ሻንጣዎቹ ከወጡ በኋላ ነው። ሻንጣዎቹ መንገድ ላይ ተለወጡ እንዳንል የጫኗቸው የቤኔዲክት ዘበኞች ናቸው፤ ቫኑንም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የተከተሉት የቤኔዲክት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ወረቀቶቹን ያስገባ ሰው የለም።

ክብደቱንም እናስብ። የአሜሪካ ኖት አንዱ አንድ ግራም ያህል ይመዝናል። 160 ሚሊዮን ዶላር በሙሉ በመቶ ዶላር ኖት ነው ብንል እንኳ 1.6 ሚሊዮን ኖት፣ 1,600 ኪሎ ግራም ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር 16 ኩንታል መሆኑ ነው። በጣት የሚቆጠሩ «ፖሊሶች» ይህን በመሣሪያ ቦርሳቸው ይዘው፣ ትከሻቸው ሳይጎብጥ፣ ቀጥ ብለው እየተራመዱ ይወጣሉ። ከእህል በረንዳ የመጣ አንድ ወዛደር ይህን ትዕይንት ቢያይ ከእኔ የበለጠ በሣቀ ነበር። የሆነ ሆኖ ክብደቱን ይቅር ልል እችላለሁ፤ ወረቀቶቹን ግን አልችልም። ምክንያቴን ላስረዳ።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ «ፊልም እኮ ነው፤ ምን አስጨነቀህ?» መልሱ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ ግማሽ እውነት አለበት። ተረት ውስጥ አንበሳ ይናገራል፤ ለምን ተናገረ ብሎ የሚሟገት ልጅ አላየሁም። ታሪኩ ገና ሲጀመር የምንስማማበት ውል ነውና። በ«ኦሽንስ ኢለቨን» ውስጥ እንዲህ ያለ የሚናገር አንበሳ አለ፤ መብራቱን ያጠፋው መሣሪያ ነው። ዘራፊዎቹ ከምርምር ማዕከል ይሰርቁታል፤ በቫን ጭነው ያመጡታል፤ በአንድ ምት የከተማውን መብራት ያጠፋል። በእውነቱ ዓለም ስሙን የሚጋራው መሣሪያ በአሜሪካ አልበከርኪ ከተማ፣ በሳንዲያ ቤተ ሙከራ የሚገኝ ሲሆን ትልቅ አዳራሽ የሚሞላ ግዙፍ ማሽን ነው። ከዚህም በላይ፣ የከተማን መብራት እስኪያጠፋ የሚበረታ የኤሌክትሮማግኔት ምት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን ውስጥ ውስጡን ያቃጥላል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መብራቱ ተመልሶ፣ ካሜራው፣ ስልኩና የዘራፊዎቹ ኮምፒዩተር እንደ ነበሩ ሥራቸውን አይቀጥሉም። ይህ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ግን አይቆረቁረኝም። ፊልሙ መሣሪያውን አስቀድሞ በግልጽ አሳየን፤ «ይህ እንዲህ ያደርጋል» አለን፤ እሺ አልን። አንበሳው ተናገረ።

ወረቀቶቹ ከዚህ ይለያሉ። የታሪኩ ውል አካል አይደሉም፤ የታሪኩ መልስ ናቸው። ፊልሙ ሙሉ ሁለት ሰዓት ያህል «እንዴት ያደርጉታል?» እያለ ካጓጓን በኋላ መልስ ብሎ የሰጠን እነርሱን ነው። መልሱ ራሱ መልስ የሌለው ጥያቄ ከሆነ የተሰጠን ነገር ምንድን ነው? በአስማት ከሆነማ ገንዘቡንም በአስማት ማውጣት ይቻል ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው ባላስፈለገ።

የእኛ የቅኔ ትውፊት እዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል። ሰምና ወርቅን የሚያህል ምሥጢር የመደበቅ ጥበብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጥበቡ የቆመበት አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ወርቁ የሚወጣው ከዚያው ከተነገረው ቃል ነው። ኅብረ ቃሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጆሯችን ላይ ነበር፤ ያልሰማነው እኛ ነን። ስለዚህ ምሥጢሩ ሲፈታ የምንደነግጠው በራሳችን ጆሮ ነው፤ ደስታውም ከዚያ ይመነጫል። አንድ ባለቅኔ ግጥሙን ከጨረሰ በኋላ «በሉ ወርቁ ያለው ሳልነግራችሁ በኪሴ በያዝሁት ስንኝ ውስጥ ነው» ቢል ጉባኤው ምን ይለዋል? «ኦሽንስ ኢለቨን» ወረቀቶቹ ላይ ሲደርስ ያደረገው ይህንኑ ነው። በ2004 የወጣው ተከታዩ «ኦሽንስ ትዌልቭ» ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። እዚያ ዘራፊዎቹ በግማሹ ፊልም የሚንከራተቱለት የወርቅ ዕንቁላል አስቀድሞ በባቡር ላይ ተሰርቆ እንደ ነበር መጨረሻ ላይ ይነገረናል። ያየነው ልፋት ሁሉ ለከንቱ ነበር ማለት ነው። እዚያስ ከኪስ የወጣው ስንኝ ብቻ አይደለም፤ ቅኔው ራሱ ሌላ ቦታ ተዘርፎ አልቋል።

ይህን ያህል የተቆጣሁት ግን የመጀመሪያው ፊልም ሕጉን አሳምሮ የሚያውቅ በመሆኑ ነው። የካሜራውን ማታለያ እንመልከት። ቤኔዲክት በቴሌቪዥኑ ላይ ያየው ዘረፋ ቀድሞ የተቀረጸ ነው፤ የተቀረጸውም ዘራፊዎቹ በመጋዘን ውስጥ ባሠሩት፣ የካዝናው ግልባጭ በሆነ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲሠራ በዓይናችን አይተናል። ለልምምድ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ዳኒ የሰጠው መልስ አዎም አይደለምም የማይባል ሽሙጥ ነው። በሂስ ቋንቋ «ንግር» የምንለው ይህንን ነው። ደራሲው ቁልፉን እጃችን ላይ አስቀምጦልን ነበር፤ እኛ ጌጥ መሰለንና አልፈነው። ከሁሉ የሚያምረው ደግሞ ቤኔዲክት የነቃበት መንገድ ነው። በካዝናው ወለል ላይ የቁማር ቤቱ ስም ከተነጠፈ ገና ቀናት መሆኑ ነው፤ በተቀረጸው ምስል ላይ ግን ስሙ የለም። በዚያች ቅጽበት እርሱና እኛ እኩል እንነቃለን። ያየነውን አይቷል፤ የተታለልንበት ተታሏል። ተመልካችንና ተጠቂን በአንድ ዓይን ማሳየት በትረካ አንጻር ውስጥ ከባድ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው፤ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ቴድ ግሪፊን ያለ አንዲት መንገራገጭ ተወጥቶታል።

የላይነስ ነገር ግን ይህን ችሎታ ያስረሳል። በማት ዴመን የተሠራው ይህ ወጣት የዕቅዱን ዋና ክፍል አያውቅም። ዳኒ በቴስ ምክንያት ከሥራው እንደ ተባረረ ያምናል፤ በሊፍቱ ውስጥ ዳኒን ድንገት ሲያየው ይደነግጣል። ለምን እንዳልነገሩት ሲጠይቅ በቀልድ ይታለፋል። ለዘረፋው የሚጠቅም ነገር ቢኖር እሺ፤ የለም። ላይነስ ባለማወቁ ሊደነግጥ፣ ሊሳሳት፣ ሁሉንም ሊያስይዝ ይችል ነበር። ምሥጢሩ የተደበቀው ከላይነስ አይደለም፤ ከእኛ ነው፤ ላይነስ የእኛ ወኪል ሆኖ እዚያ ተቀምጧል። አንድ ገፀ ባሕርይ ራሱ የማያውቀውን ምክንያት ለአንባቢ ሲል ሲሸከም ሥጋና ደም መሆኑ ያበቃል። በእኛም አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ ይህ ሸክም ያጎበጣቸው ብዙ ባሎች፣ ብዙ ሚስቶች፣ ብዙ ወንድማማቾች አሉ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነጋገሩ የሚችሉትን ነገር የሚሸሽጉት መጨረሻው ገጽ ላይ አንባቢው እንዲደነግጥ ብቻ ነው።

የዘረፋ ፊልም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። «ኦሽንስ ኢለቨን» ራሱ ሉዊስ ማይልስቶን በ1960 ከፍራንክ ሲናትራ ጋር የሠራው ፊልም ዳግም ዝግጅት ነው። በዚያኛው ዘራፊዎቹ በአዲስ ዓመት ዋዜማ አምስት ቁማር ቤቶችን ይዘርፋሉ፤ በሥራው ማግሥት ገንዘቡን ከከተማ ለማውጣት በሞተው ጓደኛቸው የሬሳ ሣጥን ውስጥ ይደብቁታል። የሟቹ ሚስት ግን አስከሬኑ እንዲቃጠል ትወስናለች። ዘራፊዎቹ በጸሎት ቤቱ ተደርድረው ተቀምጠው ሳለ ገንዘባቸው ከጓደኛቸው ጋር አብሮ ይነዳል። እንደ ፊልም የ2001ዱ ይበልጣል፤ የቆየው ዝርክርክ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ጓደኛሞች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ድግስ ይመስላል። ያን ፍጻሜ ግን በምንም አልለውጠውም።

ፍጻሜው እንዲያ የሆነው በጥበብ ብቻ አይደለም። ከ1934 እስከ 1968 በሆሊዉድ ላይ ይሠራበት የነበረው፣ በዊል ሄይስ ስም የሚጠራው ደንብ ወንጀለኛ በወንጀሉ ተጠቅሞ እንዲያመልጥ አይፈቅድም ነበር። ሳንሱርን የማሞገስ አሳብ የለኝም፤ እኛ አገር ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አያሞግሰውም። ደንቡ ሳያስበው ያስከተለውን የሴራ ውጤት ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዘራፊው መሸነፉ የማይቀር ከሆነ ደራሲው ዕቅዱን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ሁሉንም አስቀድሞ ይነግረናል፤ ከዚያ በኋላ የምንጠብቀው «የቷ ክር ትበጠስ ይሆን?» የሚለውን ነው። ዘራፊው እንዲያሸንፍ ሲፈቀድ ግን የተነገረ ዕቅድ እንደ ተነገረው ከሄደ ይሰለቻል። ስለዚህ ዕቅዱ ይደበቃል፤ ለመደበቅ ሲባልም ቀዳዳ ይበዛል። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የመጡትን የዘረፋ ፊልሞች በዚህ ዓይን ያየ ሰው ብዙ ነገር ይገለጥለታል ባይ ነኝ።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1956 የሠራውን «ዘ ኪሊንግ» እንመልከት። ዋናው ዘራፊ ከፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ የተዘረፈውን ገንዘብ የሚያጭቅበት ሻንጣ አሮጌ ነው፤ መቆለፊያው አስተማማኝ እንዳልሆነ እያየን ነው የሚገዛው። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ሻንጣው ትልቅ ነውና ይዘህ መግባት አትችልም ይሉታል። የአንዲት ሴት ትንሽ ውሻ ወደ ማኰብኰቢያው ትሮጣለች፤ ዕቃ ጫኙ ጋሪ እርሷን ለማዳን ሲታጠፍ ሻንጣው ይወድቃል፤ ይከፈታል፤ ገንዘቡን የአውሮፕላኑ ነፋስ እንደ ገለባ ይበትነዋል። ኩብሪክ የጊዜውን ቅደም ተከተል እንደ ፈለገ እያመሳቀለ፣ በምልሰት ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ ነው የሚተርከው። ይሁንና ከዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ ብንመለስ ሳናየው የገባ አንድም ነገር አናገኝም።

ከዚህም የሚበልጠው ጁልስ ዳሲን በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው «ሪፊፊ» ነው። ዳሲን በአሜሪካ በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ ሥራ የተከለከለ አዘጋጅ ነበር፤ በዚህ ፊልም በካን የምርጥ አዘጋጅ ሽልማት አግኝቷል። በፊልሙ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ንግግርም ሙዚቃም የሌለበት ዘረፋ አለ። አራት ሰዎች ከጌጣጌጥ መደብሩ በላይ ያለውን ፎቅ ወለል ይበሳሉ። የሚወድቀው ፍርስራሽ ደወሉን እንዳያስጮኸው ቀዳዳው ገና እንደ ተበሳ ጃንጥላ አሾልከው ወደ ታች ይከፍቱታል፤ ፍርስራሹ ሁሉ እየወረደ ጃንጥላው ውስጥ ይከማቻል። ጥሩ ሴራ ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ያንን ጃንጥላ አሳየዋለሁ። ዘረፋውም እንከን ሳይወጣለት ይሳካል። የሚያጠፋቸው በኋላ የመጣ የሰው ድካም ነው፤ አንደኛው ዘራፊ ከተሰረቀው ውስጥ አንድ ቀለበት ለአንዲት ዘፋኝ ይሰጣል። ያንን ዘራፊ የሚጫወተው ራሱ ዳሲን መሆኑ ደስ ይለኛል።

ስለ ድርጊት ቀዳዳ ብቻ ሳወራ ሌላውን ዓይነት እንዳልዘነጋ። ስፓይክ ሊ በ2006 ያዘጋጀው «ኢንሳይድ ማን» ከድርጊት አኳያ የተዋጣለት ሴራ አለው። ዘራፊው በባንኩ የዕቃ ክፍል ውስጥ ከሐሰት ግድግዳ ጀርባ ቀናት ተደብቆ በፊት ለፊት በር ይወጣል፤ ይህን ማሰቡ ብቻ ያስቀናል። ታሪኩ የቆመበት ምክንያት ግን ይንገዳገዳል። የባንኩ መሥራች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚዎች ጋር ተባብሮ ሀብት ማካበቱን የሚያረጋግጡ ሰነዶችን ለስድሳ ዓመት ያህል በራሱ ባንክ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ለምን አላቃጠላቸውም? ክብሪት ርካሽ ነው። ይህ «እንዴት» የሚል ቀዳዳ አይደለም፤ «ለምን» የሚል ነው። በእኔ እምነት ግን ፊልሙን አይገድለውም። ሰው የጥፋቱን ምልክት ሊያጠፋው ሲችል የሚያኖርበት ጊዜ አለ፤ ጸጸት፣ ትዕቢት፣ ወይም ራስን መቅጣት ሊሆን ይችላል። የሰው ልብ ለ«ለምን» ቦታ አለው። ለ«እንዴት» ግን የለውም፤ ወረቀት በጸጸት ግድግዳ አያልፍም።

በእውነተኛው ዓለም ከዚህ የባሰ የማይታመን ነገር ይፈጸማል የሚሉ አሉ። ይፈጸማል። ኦክቶበር 19 ቀን 2025 ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም የሆነው ምስክር ነው። ሌቦቹ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙዚየሙ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ የቤት ዕቃ ወደ ፎቅ በሚያወጣ መሰላል ባለው መኪና ወደ ሰገነቱ ወጡ፤ መስኮት ቆርጠው ገቡ፤ 88 ሚሊዮን ዩሮ የተገመቱ የነገሥታት ጌጣጌጦች ይዘው ከስምንት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሞተር ብስክሌት ሄዱ። የእቴጌ ዩጄኒን ዘውድ ግን መንገድ ላይ ጣሉት። ይህን በስክሪፕት ጽፎ ያመጣ ጸሐፊ ቢኖር «ዘበኞቹ የት ነበሩ?» ተብሎ በተመለሰ ነበር። እውነታ ግን ማስረጃ አቅርብ አይባልም፤ ተፈጽሟልና። ልብ ወለድ ያ መብት የለውም። ቃሉ ብቻ ነው ያለው፤ ቃሉም በአንድ ቦታ ሲታጠፍ የቀረውን ማመን ያስቸግራል። ወረቀቶቹ ካለ አስገቢ ከገቡ፣ ቤኔዲክት «ከገንዘቡና ከቴስ ምረጥ» ዓይነት ጥያቄ ቀርቦለት ገንዘቡን ሲመርጥ፣ ቴስም ያን በቴሌቪዥን አይታ ጥላው ስትሄድ ለምን አምናለሁ? እርሱም ለሴራው ሲባል የተመረጠ ሊሆን ይችላል። የቀዳዳው ጉዳት ወረቀቶቹ ላይ አይቆምም፤ ወደ ሰዎቹ ልብ ይሻገራል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ቀዳዳውን ለመድፈን ይበቃ የነበረው ነገር ትንሽነቱ ነው። የን የተደበቀበትን ጋሪ ወደ ጥበቃው የሚያደርሱት የማሎይ ወንድማማቾች ናቸው፤ የቁማር ቤቱን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ እንደ ልማዳቸው እየተነታረኩ። አንድ ሁለተኛ ጋሪ ቢያመጡስ? ዘበኛው ለሁለት ጋሪዎች ይፈርማል፤ ሁለቱም ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ካሜራው የን ያለበትን ይከተልና ሌላውን ይረሳዋል። እኛም አብረን እንረሳዋለን፤ የንን አየር አጥሮት ይሆን እያልን እንጨነቃለንና። ከመጋዘኑ ትዕይንቶች በአንዱ ደግሞ ከበስተጀርባ አንዱ ማሎይ ከመንገድ የለቀመውን ማስታወቂያ እያነበበ ቢሣቅ፣ ሌላው ነጥቆ ካርቶን ውስጥ ቢጥለው በቂ ነው። ሁሉም ተደምሮ አሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም። ሻንጣዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሲከፈቱ ያ ካርቶን ትዝ ይለን ነበር፤ ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ የምናየውም ያንን ሁለተኛ ጋሪ ሲያልፍ ለማየት ብለን ነበር።